ለግቢ ውሻ አንድ ሕግ

የግቢ ውሻ ሥልጠና በሦስት ነገር ይቆማል፤ ውሻው በሚሰማው ቃል፣ ቃሉን ተከትሎ በሚያገኘው ነገርና በሁለቱ አለመለዋወጥ። ፊተኞቹን ሁለቱን ልጅም ያውቃቸዋል፤ “ተቀመጥ” ይባላል፣ ሲቀመጥ ዳቦ ይሰጠዋል። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በየቡ ግቢዎች ጥሩውን ውሻ ከአስቸጋሪው የሚለየው ሦስተኛው ነው፤ የሚዘነጋውም እሱ ነው።

በእነዚህ የቡና ከተሞች ውሻ የሚያዘው በአብዛኛው ለጥበቃ ነው። ሌሊት ጅብና ሌባ ያርቃል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ይጠብቃል፤ ጫካ አጠገብ ባለ ማሳም ጦጣና ዝንጀሮ ያባርራል። ዘሩ የማይቆጠር የአገር ውሻ ነው። “የፈረንጅ ውሻ ካልሆነ አይሠለጥንም” የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ በገበያ መሐል ማን ቁራሽ እንደሚወረውር፣ ማን ድንጋይ እንደሚያነሳ ለይቶ የሚኖር እንስሳ መማር አይቸግረውም። ቡችላ ሰውንና አካባቢውን በቀላሉ የሚለምደው ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዚያ ዕድሜ ባጃጅ፣ አህያ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰውና ቡና ለቃሚ ያየ ውሻ ሲያድግ ያገኘውን ሁሉ አይጮህበትም።

በቃል ረገድ ጅማ የራሷ መልክ አላት። በአንድ ግቢ አባት “ና” ሲል አያት በኦሮምኛ “ኮቱ” ትላለች፣ ልጆቹ ያፏጫሉ። ብዙ ሰው ውሻው የሚወዛገበው በዚህ ይመስለዋል። ሆኖም በአሜሪካ ቼዘር የተባለች ውሻ ከ1,000 በላይ የመጫወቻ ስሞችን ለይታ እንደምታውቅ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ታይቷል፤ ለአንድ ትእዛዝ ሁለትና ሦስት ቃል መያዝ ለውሻ ሸክም አይሆንም። የሚያወዛግበው አንዱ ቃል ሁለት ዓይነት መጨረሻ ሲኖረው ነው። “ና” ተብሎ ሲመጣ አንድ ቀን ጉርሻ፣ አንድ ቀን ሰንሰለት፣ አንድ ቀን ኩርኩም የሚጠብቀው ውሻ ሲጠራ ቆሞ ያስባል። ጠዋት ጠዋት ለመታሰር ብቻ የሚጠራው ደግሞ ከናካቴው መምጣት ይተዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለመታሰር አንድ ጊዜ ከመጠራቱ በፊት ብዙ ጊዜ ተጠርቶ፣ ጎርሶ፣ ተመልሶ መለቀቅ አለበት። ጉርሻውም በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ይድረሰው፤ ሰው ዳቦ ፍለጋ ጓዳ ገብቶ እስኪወጣ ውሻው ከተቀመጠበት ተነሥቷል፣ የተሸለመውም መነሣቱ ይሆናል።

አንድ ሕግ ሳይዛነፍ ሲኖር ምን እንደሚሠራ ለማየት የሙስሊም ቤት ደፍ ይበቃል። በእስልምና ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ውሻ መያዝ የተፈቀደ ነው፤ ምራቁ ግን በብዙ ሊቃውንት ዘንድ ነጃሳ ስለሆነ ከዕቃና ከመስገጃ ይርቃል። ስለዚህ በብዙ የጅማ ቤቶች ውሻ ደፍ አያልፍም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሥጋው እየተጠበሰ እንኳ የፊት እግሮቹን ከደፉ ጠርዝ አስጠግቶ ይቆማል እንጂ አይገባም። ይህንን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረውም። አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ሠራተኛ፣ እንግዳ፣ ሁሉም ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳያስገቡት ስለኖሩ ብቻ ገባው። የዚያው ቤት ውሻ ሰው ላይ መዝለሉን ግን አላቆመም፤ አባት ይቆጣዋል፣ ታናሹ ልጅ ያቅፈዋልና።

የቤት ሥልጠና ከሁሉ ይበልጥ የሚፈተነው ቡና ሲፈላ ነው። ረከቦቱ ቀርቦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቆሎውና ዳቦው ሲዞር ውሻው በረንዳው ጥግ ተቀምጦ እያንዳንዱን እጅ ይከታተላል። አቦል ይጠጣል፤ የሚሰጠው የለም። ቶናም ያልፋል። በረካ ላይ አንዲት ጎረቤት “ኧረ ዓይኑን እዩት!” ብላ ቁራሽ ትጥልለታለች። ሁሉም ይስቃል፤ “አንድ ጊዜ ምን አለበት” ይባላል። ውሻ ከሚያበላሹ ስሕተቶች ይህችን “አንድ ጊዜ” የሚያህል የለም። በየቀኑ የሚሰጠው ውሻ ለማኝ ይሆናል፣ አልፎ አልፎ የሚሰጠው ግን ያን ያህል አይለምድም ተብሎ ይታሰባል። እውነቱ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1904 ለምግብ መፈጨት ጥናቱ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ውሻ ምግብ የሚያስከትል ምልክት ሲለምድ ምግቡ ሳይመጣ ምራቁ እንደሚዝረበረብ አሳይቷል። ሽልማት በምን አኳኋን ሲደጋገም ልማድ እንደሚጠነክር ደግሞ አሜሪካውያኑ ቻርልስ ፈርስተርና ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ በዝርዝር አስፍረውታል። ሁልጊዜ የሚሸለም እንስሳ ሽልማቱ ሲቋረጥ ቶሎ ያውቃል፤ ቶሎም ይተዋል። መቼ እንደሚሸለም የማያውቀው ግን የዛሬው ባዶ ከትናንቱ ባዶ በምን እንደሚለይ ስለማይታወቀው መሞከሩን ይቀጥላል። ስለዚህ በየበረካው ከሚጎርሰው ውሻ ይልቅ ድንገት በወር ሁለቴ የሚጣልለት ውሻ ልመናውን ለማስተው ያስቸግራል። ቁራሹ በረካ ላይ ሲመጣ ደግሞ ትዕግሥትንም ጨምሮ ይማራል፤ ሁለት ዙር ባዶውን ቢያልፍ ሦስተኛው እንዳለ አውቆ ይጠብቃል።

ሌላው ወጥመድ ቤቱ ቆርጦ “ከዛሬ ጀምሮ አይሰጥም” ያለ ዕለት ይመጣል። ውሻው መጀመሪያ ይብስበታል፤ ያላዝናል፣ ይጮኻል፣ በእግሩ የሰው ጉልበት ይቧጥጣል። ልማድ ሊጠፋ ሲል እንዲህ መንፈራገጡ የታወቀ ነው፤ ጥቂት ቀን ችለው ካሳለፉት ይበርዳል። ብዙ ሰው ግን “ይኸው፣ ጭራሽ ባሰበት” ብሎ ጩኸቱ ጫፍ ሲደርስ ዝም እንዲል ዳቦ ይወረውርለታል። ያን ጊዜ ውሻው ቀድሞ ያላወቀውን ያውቃል፤ ትንሹ ጩኸት ካልሠራ ትልቁ እንደሚሠራ። ይህ ጥቂት ጊዜ የተደረገለት ውሻ ሙቀጫ በተሰማ ቁጥር ሰፈር ያውካል፤ ባለቤቱም ያስተማረውን ረስቶ “ባሕርዩ ነው” ይላል።

እንግዳን መገሠጽ አይቻልም። ጎረቤትን “አትጣልለት” ማለት በአገሩ ልማድ ስስት ይመስላል። ረከቦቱ ሳይቀርብ ውሻውን ጓሮ ማሰር ከሁሉ ይቀላል፤ ድርሻ ካለውም በራሱ ሳሕን፣ በራሱ ቦታ፣ ሲኒው ከታጠበ በኋላ ይቀበላል። ቡናውና አተላው ግን ፈጽሞ አይሰጡትም። ካፌይን ውሻን ይመርዛል፤ አተላን ከዳቦ ፍርፋሪ ጋር ቀላቅሎ ጓሮ የሚደፋ ሰው ይህን ያስብበት።

ስለ ቅጣት ብዙ የሚባል የለም። ጠዋት ለተቀረጠፈ ጫማ ማታ የሚመታ ውሻ ጫማውን ከዱላው ጋር አያገናኝም። “ማጥፋቱን ያውቃል፣ ዓይኑ ይናገራል” ለሚል ሰው ተመራማሪዋ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣችው ጥናት መልስ አለው፤ ያጠፋውም ያላጠፋውም ውሻ እንደ ጥፋተኛ የሚሽቆጠቆጠው ባለቤቱ ሲቆጣ ነው።

ጅማ ዝናብ የሚበዛባት አገር ናትና ብዙ ሕግ የሚፈርሰው በክረምት ነው። “በረንዳ አይወጣም” የተባለው ውሻ በሐምሌ ሌሊት በስብሶ ሲንቀጠቀጥ አንጀት ይበላና ይወጣል፤ በመስከረም ጭቃ እግሩን ይዞ ሲመጣ ይመታል። ውሻ ወር አይቆጥርም። ይህ ማለት በዝናብ ይደብደብ ማለት አይደለም፤ ክረምት ሳይገባ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ይሠራለት፣ ያ ካልተቻለ በረንዳው ከነጭራሹ ይፈቀድለት። ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቅ ልል ሕግ በሰኔ ከሚፈርስ ጥብቅ ሕግ ይሻላል። ሕጉን ሲያወጡም አባወራው ብቻውን ባይወስን ጥሩ ነው፤ ከውሻው ጋር የሚውሉት ልጆቹና የቤት ሠራተኛዋ፣ የሚያድረው ዘበኛው ነው። እነሱ ያልተስማሙበት ሕግ ሳምንት አይዘልቅም።

የመጨረሻው ትምህርት መያዝ ነው፤ አንገት፣ ጆሮ፣ አፍና እግር ሲነካ ዝም ማለት። በየቀኑ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተይዞ፣ ጎርሶ የሚለቀቅ ቡችላ ሲያድግ የእንስሳት ሐኪም ፊት ይቆማል። በዓመት አንድ ጊዜ አራት ሰው ተረባርቦ የሚጥለው ውሻ ግን በሚቀጥለው ዓመት መርፌ የያዘ ሰው ሲያይ አጥር ይዘላል፣ ሳይከተብም ይቀራል። በኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻ ያለው ሰው ሁሉ በየዓመቱ ያስከትብ። የተነከሰም ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ውሎ ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ።