ዱርን የሚያለማ እሳት

እሳት በምድጃው ተወስኖ ሲነድ እንጀራ ያበስላል፤ ከምድጃው ሲወጣ ቤት ያወድማል። ስለዚህ ልጆቻችንን «እሳት አትንኩ» እያልን እናሳድጋለን። ነገር ግን እሳት ከቶ የማይነድበት ቤት ደኅና ቤት ነው ለማለት አንችልም። ይህ ነገር ለዱርም እንደሚሠራ ከአንድ የአሜሪካ ታሪክ እንረዳለን።

በካሊፎርኒያ ተራራዎች ሴኮያ የሚባል ታላቅ ዛፍ ይበቅላል። ቁመቱ ከ80 ሜትር፥ ዕድሜውም ከ3000 ዓመት የሚያልፍ ይገኝበታል። መንግሥትም ይህ ዛፍ በመጋዝ እንዳያልቅ አስቦ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 ዓ. ም. ስፍራውን ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ በሕግ ከለለው። ጠባቂዎቹም እሳት በተነሣ ቍጥር እየተሯሯጡ ያጠፉ ነበር። አሳባቸው ቅን ነበረ። ዳሩ ግን ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ቢመለከቱ፥ ሽማግሌዎቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ የሚተካቸው ችግኝ ከሥራቸው የማይገኝ ሆነ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሴኮያ ደቃቅ ዘሩን በጠንካራ ፍሬው ውስጥ ዘግቶ እስከ 20 ዓመት ያቈያል። የእሳት ሙቀት ሲደርስበት ፍሬው ደርቆ ይከፈትና ዘሩን ይበትናል። ዘሩም እንደ ጉዝጓዝ በተነባበረ ቅጠል ላይ ቢወድቅ ደርቆ ይቀራል፤ እሳት ጠርጎ ባጠራው አፈር ላይ ግን ሥር ይሰዳል። ትልቁ ዛፍ ቅርፊቱ ወፍራም ስለ ሆነ መጠነኛ እሳት አይገድለውም።

ስለዚህ ጠባቂዎቹ ከ1968 ጀምሮ ነፋሱንና የምድሩን ርጥበት መርምረው፥ ዙሪያውን መንጥረው፥ ራሳቸው በልክ ያቃጥሉ ጀመር። ይህም ለአገሩ የጥንት ተወላጆች አዲስ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ሥራው ዱሩን ሁሉ አላዳረሰም። በ2020 እና በ2021 በድርቅ ጊዜ የተነሣው ቃጠሎ፥ በተከማቸው ጭራሮና በትንንሾቹ ዛፎች እንደ መሰላል እየወጣ የታላላቆቹን ጫፍ በላ። ከታላላቆቹ ሴኮያዎች ከመቶው ከ13 እስከ 19 የሚሆኑት እንደ ጠፉ ተገምቷል። አስቀድሞ በልክ በተቃጠለው ስፍራ ግን እሳቱ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ብሎ አለፈ።

ይህን ማለታችን በየዱሩ ክብሪት ይጫር ማለት አይደለም። የአገራችን ጽድ በእሳት ቶሎ ይጐዳልና ለሴኮያ መድኃኒት የሆነው ለጽድ ሞት ይሆንበታል። ሕግ ጥፋትን ይከለክላል፤ ልማትን የሚያመጣው ግን የሚጠብቁትን ነገር ጠባዩን ማወቅ ነው። ዛፍም ሆነ ልጅ፥ ምን እንደሚጎዳው ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያሳድገው ጠይቀን እንጠብቀው።