ስለ ተሠራጨው ስዊችና አሠራሩ

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኮምፒውተር ገመድ መጻፍ ምን አገባቸው የሚለን አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን የባንኩ ሒሳብም ሆነ የሆስፒታሉ መዝገብ የሚቀመጠው በእነዚሁ መሣሪያዎች ውስጥ ስለ ሆነ፣ መሥመራቸው በማን እጅ እንደሚታዘዝ ማወቅ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ነው ብለን አናምንም።

ቀድሞ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በገመድ ከስዊች ጋራ ይያያዝ ነበር፤ ስዊች ማለትም የመልእክቱን አድራሻ አይቶ ወደ ተገቢው በር የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው። ዛሬ ግን በዳታ ሴንተር ውስጥ ባንድ ሰርቨር ላይ በሶፍትዌር የተሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች አብረው ይኖራሉ። ቨርቹዋል ማሽን ይሏቸዋል። ገመድ የሚሰካበት አካል ስለሌላቸው ስዊቹም እንደ እነርሱ በሶፍትዌር ተሠርቶ በሰርቨሩ ውስጥ ተቀመጠ።

ችግሩ የመጣው ሰርቨሮቹ ሲበዙ ነው። ሠላሳ ሰርቨር ያለው ድርጅት ሠላሳውንም ስዊች ለየብቻ ማዘጋጀት ግድ ይሆንበታል። በሃያ ዘጠኙ ላይ የበር ቡድኑ ስም በትክክል ተጽፎ በሠላሳኛው ላይ አንድ ፊደል ቢሳሳት፣ ሥራውን ሳያቋርጥ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር መዛወር የሚችለው ቨርቹዋል ማሽን ወደዚያ መሄድ ይሳነዋል። ይህን ለማስቀረት ቪኤምዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ከቪስፌር 4 ጋራ የተሠራጨውን ስዊች አወጣ።

ስሙ ጥቂት ያሳስታል። አንድ ትልቅ ስዊች በሰርቨሮቹ ሁሉ ላይ የተዘረጋ ይመስላል፤ እውነቱ ግን መልእክት የማስተላለፉ ሥራ እንደ ቀድሞው በየሰርቨሩ ውስጥ ይከናወናል። አንድ የሆነው ደንቡ ነው። ይኸውም ቪሴንተር በሚባለው አስተዳዳሪ ዘንድ አንድ ጊዜ ይጻፍና ግልባጩ ለየሰርቨሩ ይላካል። ስለዚህ ቪሴንተር ቢበላሽ እንኳ መልእክቱ አይቆምም፤ የሚቆመው ደንብ መለወጥ ብቻ ነው። (አለቃው በቀረ ቀን ሥራው ሁሉ የሚቆምበት መሥሪያ ቤት ስንት አለ!)

ንድፍ አውጪው በቅድሚያ የሚያስበው ትራፊኩን መለየት ነው። ለአስተዳደሩ፣ ለማዛወሩ፣ ለማከማቻውና ለተጠቃሚው የየራሳቸው የበር ቡድንና የቪላን ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ባንድ ገመድ የሚሄዱት መልእክቶች የማይቀላቀሉት በዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በ12 ቢት ስለሚጻፍ የሚሠራባቸው 4094 ብቻ ናቸው። ይህ ለታላላቆቹ ማዕከሎች ስላልበቃ በ24 ቢት እየቆጠረ ከ16 ሚሊዮን በላይ የሚደርሰው ቪኤክስላን ተፈለሰፈ፤ መግለጫውም እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። ነገር ግን በእያንዳንዱ መልእክት ላይ 50 ባይት ያህል ሽፋን ስለሚጨምር፣ የተለመደው የ1500 ባይት ልክ በመንገዱ ሁሉ ከፍ ካላለ ትንንሹ መልእክት ሲያልፍ ትልልቁ ይጣላል። ትንሽ የሙከራ መልእክት ልኮ «ይሠራል» የሚል ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ዋናው አደጋ ግን ሌላ ነው። ደንቡ ባንድ ስፍራ ስለሚጻፍ ስሕተቱም ባንድ ጊዜ ለሁሉ ይደርሳል። ቪሴንተር ራሱ ቨርቹዋል ማሽን ሆኖ በዚያው ስዊች ላይ ሲሰካ ነገሩ ይብሳል። የአስተዳደሩ የቪላን ቁጥር ቢሳሳት ሰርቨሮቹ ከቪሴንተር ይለያያሉ፤ የማረሚያው ትእዛዝ የሚያልፈውም በዚያው በተቋረጠው መሥመር ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ቪስፌር 5.1፣ ሰርቨሩ ከአስተዳዳሪው መለየቱን ሲያውቅ በራሱ ወደ ቀድሞው ደንብ እንዲመለስ አደረገ። መልካም ነው፤ እኛ ግን የጥንቃቄውን መንገድ እናስቀድማለን። ይኸውም ኢፌመራል የተባለ የበር ቡድን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። በተለመደው ቡድን በር የሚሰጠው ቪሴንተር ሲሆን፣ በዚህኛው ግን ቪሴንተር በሌለበትም ሰርቨሩ ራሱ ሊሰጥ ይችላል።

ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2023 ብሮድኮም ገዝቶታል። ገንዘብ ያጠረው ድርጅት በነጻ የሚገኘውን ኦፕን ቪስዊች ቢያጠና እንወዳለን፤ ደንቡን ከአንድ ስፍራ የሚልክለት ሌላ ሶፍትዌር ግን ያስፈልገዋል። በየትኛውም ቢሆን ከእያንዳንዱ ሰርቨር ቢያንስ ሁለት ገመድ ወጥቶ ወደ ሁለት የተለያዩ ስዊቾች ይሂድ። ወደ አዲሱ ደንብ ሲዛወሩም አስቀድሞ አንዱ ገመድ ብቻ ይግባ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው መሥራቱ እስኪረጋገጥ በቀድሞው ስዊች ላይ ይቆይ።