ዝግባን ለቤት ውስጥ፣ ጽድን ለምሰሶ

በአጣዬ ቤት ለሚሠራ ሰው ጠላቱ ዝናብ ብቻ አይደለም። ምስጥም አለ። ስለዚህ እንጨት ስትገዙ አስቀድማችሁ "ይህ የት ይገባል?" በሉ።

ዝግባ ለስላሳ እንጨት ነው። መልኩ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ሽታ የለውም። ለመጋዝና ለመላጊያ አያስቸግርም። ለመደርደሪያ፣ ለቁም ሳጥን፣ ለጠረጴዛ፣ ለውስጥ በር ይሆናል። አፈር ከነካ ግን ምስጥ ይበላዋል፤ እርጥበትም ያበሰብሰዋል።

ጽድ ሌላ ነው። ልቡ ቀይ ነው፤ ሲፈለጥ መልካም ሽታ አለው። ልቡን ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ስለዚህ ለምሰሶና ለአጥር ይመረጣል። ዳር ዳሩ ያለው ነጩ ክፍል ግን ይበላል። ነጩን ቀብራችሁ "ጽድ ነው" ብላችሁ አትመኩ። ጽድ በቢላ ለመቅረጽ ይመቻል። ከኬንያ የተላከ ጽድ በውጭ አገር እርሳስ ተሠርቶበታል። ሚስማር ሲመቱበት ግን ይሰነጠቃልና አስቀድማችሁ ብሱት።

እርጥብ ጣውላ ይጣመማል። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ በየመካከሉ ቀጭን እንጨት እያስገባችሁ፣ ጥላ ውስጥ ደርድሩት። ሲደርቅ ሥሩበት።

ሁለቱም ዛፎች ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጃሉ። ከአጣዬ በስተደቡብ፣ በደብረ ሲና አካባቢ፣ በወፍ ዋሻ ደን ዛሬም ይገኛሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን ጽድና ዝግባ እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚቆረጠው በአንድ ቀን፣ የሚተካው በልጅ ልጅ ዘመን ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! ቦታውን ያገኘ እንጨት ቤት ያቆማል። ቦታውን የሳተ እንጨት ግን ሌላ ዛፍ ያስቆርጣል።