ቤትን ስለ ማደስና ማገዶን ስለ መቆጠብ

ቤት መሥራት ትልቅ ነገር ነው፤ የተሠራውን መጠበቅ ግን ከዚያ አያንስም። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ነገ እጠግነዋለሁ እያለ የሚያድር ሰው፥ ቤቱ ከመጎዳቱም በላይ በገንዘቡ የገዛው የማገዶ ሙቀት በስንጥቁ እየወጣ ይባክንበታል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲሰጥ የተሠራው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ መመረቁ ሁላችንንም ደስ አሰኝቶናል። ነገር ግን ውኃ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ገንቦውን ይመለከታልና፥ እኛም የየቤታችንን ቀዳዳ መመልከት ይገባናል። ዛሬም ቢሆን አብዛኛው የኢትዮጵያ ቤተ ሰብ ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፥ በኩበትና በከሰል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታደስ የሚገባው ማድ ቤቱ ነው። ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ ነበልባሉ በየአቅጣጫው ስለሚበተን፥ ለእንጀራው የሚደርሰው ሙቀት ከ10 እጅ 1 እጅ ያህል ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የተሠራው «ምርት» የተባለው ምድጃ ግን እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል፥ ከማገዶው እስከ እኩሌታ ድረስ ያድናል። ከዚህም ጋር ለጢሱ መውጫ መስኮት ቢከፈት የእናቶችና የሕፃናት ዓይንና ሳንባ ያርፋል።

ቀጥሎ መኝታ ቤቱ ነው። በደጋ አገር ባዶ ቆርቆሮ ቀን ፀሐዩን ያስገባል፥ ሌሊት ሙቀቱን ይሰድዳል። ስለዚህ ከበታቹ ኮርኒስ ማበጀት፥ ግድግዳውንም ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ መምረግ፥ የበሩን ክፍተት መድፈን በየሌሊቱ ከሰል ከመግዛት ይሻላል። ነገር ግን ስንጥቁ በተደፈነ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት ለሞት ያደርሳል፤ ከከሰሉ የሚወጣው መርዘኛ አየር መልክም ሽታም የለውምና፥ የተኛው ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ማሞቂያው ደኅና ግድግዳና ብርድ ልብስ ይሁን እንጂ ከሰል አይሁን።

በራሱ ቤት የሚኖር ሰው ይህን በፈቃዱ ይፈጽመዋል። በመንግሥት ቤት የሚኖር ተከራይ ግን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። የሹሙ ጠረጴዛ ላይ አንድ ማመልከቻ ሲዘገይ፥ በዚያ ቤት ያሉ ልጆች ክረምቱን በብርድ ያሳልፉታል። ስለዚህ ሹማምንት ለጥገና የቀረበውን ጥያቄ ፈጥነው እንዲመለከቱ፥ ካህናትም ወደ ንስሐ ልጆቻቸው ቤት ሲገቡ ስለ ከሰሉ አደጋ እንዲመክሩ፥ በየደብሩም የሰንበቴውን ማድ ቤት ምድጃ አሳድሰው ለምእመናን ምሳሌ እንዲሆኑ እናሳስባለን። ምክር የሚጸናው መካሪው አስቀድሞ ሠርቶ ሲያሳይ ነውና።