ኬንያ፦ በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ካሳውን ማን ፊት ይጠይቅ?

በናይቫሻ የአበባ እርሻ፣ በኬሪቾ የሻይ ማሳ ወይም በአቲ ሪቨር ፋብሪካ ጉዳት የደረሰበት ኬንያዊ ሠራተኛ ለረጅም ጊዜ የለመደው መንገድ ጠበቃ ይዞ በአቅራቢያው ወዳለ ፍርድ ቤት መሄድ ነበር። ዛሬ ያ በር ተዘግቷል። የካሳ ጥያቄው የሚጀመረው በሠራተኛ ሚኒስቴር ሥር ባለው የሙያ ደኅንነትና ጤና አገልግሎት ዳይሬክተር ዘንድ ነው። ለውጡ ላይ ላዩን ሲታይ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ማን ይሰማል የሚለው ጥያቄ ሠራተኛው ምን ያህል ገንዘብ፣ መቼ እንደሚያገኝ፣ አሠሪውም ለመድን ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚወስን ሆኗል።

የነገሩ መነሻ እአአ በ2007 የወጣውና በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ የዋለው የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ሕግ ነው። አንቀጽ 16 ሠራተኛው ለደረሰበት አደጋ ወይም የሥራ በሽታ አሠሪውን በፍርድ ቤት እንዳይከስ ይከለክላል። የኬንያ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይህን ተቃውሞ ከሰሰ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2009 በርካታ አንቀጾች ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫሉ ሲል ወሰነ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በኅዳር 2017 አብዛኛውን ውሳኔ ሻረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ታኅሣሥ 3 ቀን 2019 ይህንኑ አጸና። ከሕጉ መውጣት እስከ መጨረሻው ፍርድ 12 ዓመታት አለፉ፤ በእነዚህ ዓመታት የተጎዱ ሠራተኞች ግን መክሰሳቸውን አላቆሙም ነበር።

የሁለቱ መንገዶች ልዩነት በገንዘብ ሲተመን ጎልቶ ይታያል። ፍርድ ቤት የሚሄድ ሠራተኛ የአሠሪውን ቸልተኝነት ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ከተሳካለት ዳኛው ለሕመሙና ለሥቃዩ፣ ለወደፊት ገቢውም ጭምር ካሳ ሊቆርጥለት ይችላል። በአዲሱ ሥርዓት ጥፋተኛው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው ቀርቷል። ከባድ የአካል ጉዳትን ወይም ሞትን ያላስከተለ፣ ሠራተኛው ሆን ብሎ በፈጸመው ጥፋት የደረሰ አደጋ ካልሆነ በስተቀር ካሳው ይገባዋል። በምትኩ ግን ክፍያው በቀመር ይሰላል፤ ለዘላቂ የአካል ጉዳት መነሻው የ96 ወራት ደመወዝ ነው።

ለምሳሌ በወር 15,000 ሽልንግ የሚያገኝ ሠራተኛ ዘላቂ ጉዳቱ 40 በመቶ ነው ከተባለ፣ በቀመሩ መሠረት 576,000 ሽልንግ ይደርሰዋል። በዚያው ማሽን ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰበትና 60,000 ሽልንግ የሚከፈለው ተቆጣጣሪ አራት እጥፍ ያገኛል። ሥቃዩ አንድ ነው፤ የሚለያየው የደመወዝ ወረቀቱ ነው። የቀመሩ ጫና የሚያርፈው እንግዲህ ዝቅተኛ ደመወዝ በሚከፍሉና አደጋ በሚበዛባቸው ዘርፎች በተሰማሩት ላይ ነው።

ለአሠሪዎችና ለመድን ኩባንያዎች ግን ይኸው ቀመር እፎይታ ነው። የዳኛን ግምት ከመጠበቅ ይልቅ የሠራተኞችን ቁጥርና ደመወዝ አይቶ ወጪን አስቀድሞ መተመን ይቻላል። ሕጉም አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው መድን እንዲገቡ ያስገድዳል። ሠራተኛውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልከሰረም፤ ምስክር ፍለጋና የጠበቃ ክፍያ ይቀርለታል፣ ከአደጋው የተረፈው በራሱ ስህተት ተጎድቷል ተብሎ ባዶ እጁን አይመለስም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ጽሕፈት ቤቱ በሚገባ ከሠራ ነው። በወረቀት ላይ ቀነ ገደቦቹ አጫጭር ናቸው። አሠሪው ወይም መድን ሰጪው ጥያቄው በቀረበለት በ90 ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት፤ ዳይሬክተሩም ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ በ30 ቀናት ለባለ መብቱ ያስረክባል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ በ60 ቀናት ውስጥ ተቃውሞውን ያቀርባል። ለማን? ለዚያው ለዳይሬክተሩ። የሥራና የሠራተኛ ግንኙነት ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚረገጠው ከዚህ በኋላ በይግባኝ ብቻ ነው። ውሳኔ የሰጠ አካል የራሱን ውሳኔ ይመርምር መባሉ በእኔ እይታ የሥርዓቱ ደካማ ጎን ነው።

ሌላም ክፍተት አለ። ዳይሬክተሩ ካሳውን ወስኖ አሠሪው አልከፍልም ቢል፣ ሕጉ ውሳኔው በምን መንገድ እንደሚፈጸም በግልጽ አላስቀመጠም። ሠራተኞች ውሳኔውን ይዘው ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ሲሄዱ፣ አንዳንድ ዳኞች እንደ ፍርድ ተቀብለው እንዲፈጸም ሲያዙ ሌሎች ሥልጣን የለንም ብለው መልሰዋል። ለተጎጂው ይህ ማለት አሸንፎም ኪሱ ባዶ መቅረት ነው። ከፋይ ላልሆነ አሠሪ ደግሞ እያንዳንዱ ወር መዘግየት ወለድ እንደማይከፈልበት ብድር ይቆጠርለታል።

ከሁሉ የከፋው ግን በመሸጋገሪያው ጊዜ የተያዙት ሰዎች ዕጣ ነበር። ከ2019ኙ ፍርድ በፊት በየማጂስትሬት ፍርድ ቤቱ የተከፈቱ መዝገቦች ምን ይሁኑ የሚለው ለዓመታት አከራክሯል። አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን የለንም በማለት መዝገቦቹን ዘጉ። ሠራተኛው ወደ ዳይሬክተሩ እንዳይዞር ደግሞ የካሳ ጥያቄ የሚቀርበው አደጋው በደረሰ በ12 ወራት ውስጥ ነው። አደጋው በ2014 ለደረሰበት ሰው ሁለቱም በሮች ተዘጉ ማለት ነው። ዋና ዳኛ ማርታ ኩሜ በ2023 ባወጡት መመሪያ፣ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ በፊት የተከፈቱት መዝገቦች በማጂስትሬት ፍርድ ቤቶቹ እስከ ፍጻሜያቸው እንዲታዩ አደረጉ። እስከዚያ የባከኑትን ዓመታት ግን መመሪያው አይመልስም።

ጎረቤት አገሮች በሌላ መንገድ ሄደዋል። ታንዛኒያ አሠሪዎች በሚያዋጡት ገንዘብ የሚተዳደር የሠራተኞች ካሳ ፈንድ አቋቁማ ከ2015 ጀምሮ ሥራ አስጀምራለች፤ በዚህ አሠራር ክፍያው በአንድ አሠሪ ፈቃደኝነት ላይ አይንጠለጠልም። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የካሳ ክርክር በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይታያል፤ ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል።

በኬንያ ተቀጥረው የሚሠሩ ሰዎች ከዚህ ሁሉ ሊይዙት የሚገባው የመጀመሪያው እርምጃ ነው። አደጋው እንደደረሰ ለአሠሪው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ አሠሪው ደግሞ ለዳይሬክተሩ በሰባት ቀናት ውስጥ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለበት። የሪፖርቱን ቅጂና የሐኪም ማስረጃን ይዞ መቆየት ይጠቅማል፤ የ12 ወራቱ ቆጠራ የሚጀምረው ከአደጋው ዕለት ነውና።