ሐረር ጁገል፦ ለጥንዶች የሚስማማ የቅዳሜና እሁድ ቆይታ

ሐረር ጁገል በድንጋይ ግንብ የተከበበው ጥንታዊው የሐረር ከተማ ክፍል ነው። የግንቡ ሥራ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከከተማዋ ገዥዎች አንዱ ከነበሩት ከአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። ግንቡ ያቀፈው ሥፍራ 48 ሄክታር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በውስጡ 82 መስጊዶችና ከ100 የሚበልጡ የደጋግ ሼሆች መቃብርና መዘከሪያ ሥፍራዎች ይገኛሉ። አካባቢው በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ሥፍራው ጠባብና በእግር የሚዳረስ በመሆኑ ለሁለት ቀን ጉብኝት የተመቸ ነው። ሆኖም ጁገል ዛሬም ነዋሪዎቹ የሚኖሩበት፣ የሚነግዱበትና የሚጸልዩበት ሰፈር እንጂ በአጥር የተከለለ ሙዚየም አይደለም። ወደዚያ የሚያቀኑ ጥንዶች ቆይታቸው የሚሠምርላቸው እንደ እንግዳ ሲገቡና እንደ እንግዳ ሲስተናገዱ ነው።

አደራረስና ማረፊያ

ከአዲስ አበባ ሐረር ድረስ ያለው የመኪና መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ያላቸው ጊዜ ሁለት ቀን ብቻ ለሆነ ተጓዦች በአውሮፕላን ድሬዳዋ ደርሶ ቀሪውን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና መሄድ ይመረጣል። መንገዱ ከድሬዳዋ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ደጋው ስለሚወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ለምሽት የሚሆን ደረብ ያለ ልብስ መያዝ ይገባል።

በግንቡ ውስጥ አንዳንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች እንግዳ እየተቀበሉ ያሳድራሉ። የቤቱ ዋና ክፍል ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉት። መደቦቹ በሐረሪዎች ቋንቋ «ነደባ» ይባላሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥም በዕድሜና በክብር የተወሰነ ነው። ግድግዳው በሳህንና በስፌት ሥራ ያጌጣል፤ ሴቶች የሚሠሩት ይህ ስፌት የቤቱ ክብር መገለጫ ነው። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚሰቀል ምንጣፍ ደግሞ በቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክት እንደነበር ይነገራል።

ጥንዶችን ከሁሉ ይበልጥ የሚስበው ከዋናው ክፍል ጎን ያለችው «ክርታት» የምትባለው ትንሽ ክፍል ናት። በቀድሞው ልማድ አዲስ ተጋቢዎች ለአንድ ሳምንት ያህል ከዚያች ክፍል ሳይወጡ ይቆዩ ነበር፤ ምግባቸውም በአነስተኛ መስኮት ይቀበላቸው ነበር። በሌላው የአገራችን ክፍል ጫጉላ ቤት ለብቻው ሲሠራ፣ በሐረር ግን ከቤቱ ጋር አብሮ ይታነጽ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የቅዳሜ ጉብኝት

የመጀመሪያውን ቀን ግንቡንና በሮቹን በማየት መጀመር ይቻላል። ታሪካዊዎቹ በሮች አምስት ሲሆኑ፣ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር በሚል ስያሜ ይታወቃሉ። እያንዳንዱ በር ወደተለየ አቅጣጫ የሚወስድ የንግድ መንገድ መነሻ ነበር። የግንቡ ዙሪያ ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ረፋዱ ላይ በዝግታ ሊዞር ይችላል።

ከዚያ በኋላ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ውስጥ በሚያስገባው «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ መሄድ ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ተደርድረው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው። ጥንዶች ጨርቅ መርጠው ለሰፊ ቢሰጡ፣ ቀላል የሆነው ሥራ ከተማዋን ከመልቀቃቸው በፊት ሊደርስላቸው ይችላል። መንገዱ የሚያደርሰው ወደ ጊድር መጋላ፣ ማለትም ወደ ትልቁ ገበያ ነው። በዚያ አካባቢ የሐረር ቡናና ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ መቅመስ ይቻላል።

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከግንቡ ውጭ ጅቦች ይመገባሉ። ሐረሪዎች ከጅብ ጋር ያላቸው ትስስር የቆየ ሲሆን፣ በአሹራ ዕለት ለጅቦች ገንፎ የማቅረብ ልማድም አለ። ጎብኚዎች ሥጋ በእንጨት ጫፍ ይዘው እንዲያበሉ ሊጋበዙ ይችላሉ፤ በዚህ ጊዜ የመጋቢውን መመሪያ መከተልና ከእሱ አለመራቅ ግዴታ ነው።

የእሁድ ጉብኝት

በሁለተኛው ቀን ራስ ተፈሪ ቤት በመባል የሚታወቀውን፣ ዛሬ ሸሪፍ ሐረር ሙዚየም የሚገኝበትን ባለፎቅ ቤት መጎብኘት ይጠቅማል። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን የሐረርጌ ገዥ ሳሉ በ1903 ዓ.ም. ወይዘሮ መነንን ያገቡ ሲሆን፣ የጫጉላ ጊዜያቸውን በዚህ ቤት እንዳሳለፉ ይነገራል። ሙዚየሙ ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎችን፣ ገንዘቦችን፣ አልባሳትንና ጌጣጌጦችን ይዟል።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም የተሰየመው ሙዚየም ይገኛል። ራምቦ ግጥም መጻፍ ካቆመ በኋላ በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በሐረር በንግድ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ነበር። በሙዚየሙ ውስጥ የቀድሞዋን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች አሉ።

እንግዳው ሊያከብራቸው የሚገቡ ነገሮች

ወደ ቤት ሲገባ ጫማ ማውለቅ፣ በመደቡም ላይ ባለቤቱ ያመለከቱት ቦታ መቀመጥ ይገባል። ወደ መስጊዶችና መዘከሪያ ሥፍራዎች ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። አለባበስ ጨዋነት የተሞላበት፣ ጥንዶችም በአደባባይ ቁጥብ ሊሆኑ ይገባል። ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት ነውር ነው። የጁገል መንገዶች ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆኑ፣ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መያዝና ዋጋውን ከመነሣት በፊት መስማማት ይመከራል።

የጉዞው ጊዜ ከሸዋል ኢድ ጋር ቢገጥም ቆይታው የበለጠ ይደምቃል። ከረመዳን በኋላ ለስድስት ቀናት የሚጾመው ጾም ሲፈጸም የሚከበረው ይህ በዓል ወጣቶች የሚተያዩበትና የሚተጫጩበት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። በበዓሉ ሰሞን ማረፊያ ስለሚጣበብ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ቆይታው ለቅርሱ የሚሰጠው ጥቅም

የሐረሪ ቤት ከድንጋይ፣ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ነው። በየጊዜው ካልተለቀለቀና ጣሪያው ካልታደሰ ዝናብ ይጎዳዋል። ይህን ወጪ ዓመት ከዓመት የሚሸከመው በቤቱ የሚኖረው ቤተሰብ ነው። ወጪው ሲከብድ ባለቤቶች መደቡን አፍርሰው በሲሚንቶ ወደ መተካት ሊያዘነብሉ ይችላሉ፤ አንዴ የፈረሰ መደብም መልሶ ቢሠራ እንደ ቀድሞው አይሆንም። በመሆኑም ጥንዶች በጁገል ቤት ሁለት ሌሊት ሲያድሩ፣ የሚከፍሉት ገንዘብ ነደባውም ክርታቱም ባሉበት ለማቆየት ለሚደክመው ቤተሰብ ቀጥተኛ ድጋፍ ይሆናል።