ስቱኮ የደበቀው ዝገት

በአርባ ምንጭም ሆነ ወደ ካምባ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ከባለቤቱ ልጆች በዕድሜ የሚበልጥ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በቆዩ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ታክስ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ብዙዎቻችን በእጃችን ያለውን ማደስ እንመርጣለን። ጥያቄው ምኑን እናድሳለን ነው፤ መልኩን ወይስ አጥንቱን?

እኔን ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ የአባቴ ቮልስ ነው። አባቴ ካምባ ላይ ያስተምር በነበረበት ጊዜ በ1966 ዓ.ም. የገዛው ነው። ዛሬ እሱ ሰማንያን አልፏል፤ በኋላ ወንበር የሚቀመጡት ግን የልጅ ልጆቹ ናቸው። ባለፈው ክረምት በልጆቹ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ አልደርቅ አለ። ገልጠን ስናይ ወለሉ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰባብሯል፤ በቀዳዳው መሬት ይታያል። መኪናው ግን ከውጭ ያበራል! ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ ቀለም ሲቀባው ዝገቱን ሳይቆርጥ በስቱኮ ሞልቶ አስተካክሎት ነበር።

ይህን ያሳየን አንድ ወጣት ባትላሜራ ነው። ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አውጥቶ በመኪናው አካል ላይ አስኬደው። ደኅናው ብረት ላይ ይጣበቃል፤ ስቱኮ በበዛበት ቦታ ይወድቃል። ከበሩ በታች ሁለቴ ወደቀ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ መኪና የለም፤ ስቱኮ ብቻ ነው» አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለመኪናም ይሠራል።

ቮልስ የሚዝገው ዝም ብሎ አይደለም፤ ቦታ አለው። በአውሮፓና በአሜሪካ መኪና የሚበላው በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። እኛ ጋ የደጋው ጭቃ ነው። ጭቃው በፓራፋንጎው ውስጥ ተለጥፎ እርጥበት እንደያዘ ይቆያል። ያረጀ የበርና የመስኮት ጎማም ውኃ ያስገባል። ሌላው ባትሪ ነው። የቮልስ ባትሪ የሚገኘው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ስለሆነ የሚፈስሰው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። አያቶች ይህን ልብ ይበሉ፦ ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ከነካ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ባትሪው ሁልጊዜ መሸፈኛ ሊኖረው ይገባል።

ከሁሉም የከፋው ከበሩ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ሳጥን መሰል ብረት ነው። ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቀት ወደ ውስጥ ያስተላልፋል፤ ከዚያም በላይ የመኪናውን አካል ቀጥ አድርጎ የሚይዝ እሱ ነው። የፊት ወንበሮች የሚንሸራተቱበት ሐዲድም የተያያዘው ከወለሉ ጋር ነው። ወለሉ ሲበሰብስ ወንበሩ የሚይዘው ያጣል። ይህ እንግዲህ የመልክ ጉዳይ አይደለም።

ሥራው እንዲህ ሄደ። በመጀመሪያ ባትሪው ተነሣ። የቤንዚን ሰልባትዮውም ወጣ፤ በቮልስ ሰልባትዮው ከፊት ኮፈን ሥር ስለሆነ ሳያወጡ መበየድ ከሞት ጋር መጫወት ነው። ቀጥሎ በሮቹ በሚገጥሙበት ክፍት ቦታ ላይ የብረት ዘንግ ተበየደ። ይህ ካልተደረገ ሥሩ ሲቆረጥ አካሉ ይጎብጣል፤ በሮቹም ዳግም አይገጥሙም። የተቆረጠውም አንዱ ጎን አልቆ ሌላው እየተጀመረ ነው። ዲስኩ የቆመው ዝገቱ ባለቀበት ሳይሆን ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ ሄዶ ነው።

አራቱ ፓራፋንጎዎች ቀላል ነበሩ። በቡሎን የሚታሰሩ ናቸውና ይፈታሉ፣ ይቀየራሉ። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሁለት ደኅና አሮጌዎች አገኘን። ወለሉን ግን አላገኘንም። አሜሪካ ውስጥ እንደ ማስታንግ ያለ የ1960ዎቹ መኪና የሚያድስ ሰው አዲስ የተመረተ ወለል አዝዞ ይገጥማል። ቮልስም እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ ምርቱ እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራ ስለሆነ፣ ውጭ አገር አዲስ ክፍል አይጠፋለትም። እዚህ ግን ወለሉ ከጠፍጣፋ ላሜራ በመዶሻ ተሠራ። ባትላሜራው በላሜራው ላይ ሸንተረር አወጣበት፤ ጠፍጣፋ ብቻ ከሆነ ሲረግጡት ይወዛወዛል፣ ይንኳኳል። ሲበይድም አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ ወዲያ እያለ ነው። በአንድ ትንፋሽ ከተበየደ ስሱ ብረት በሙቀት ይጣመማል። በመጨረሻ ፀረ ዝገት ቀለም፣ በተዘጋው ሳጥን ውስጥ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ተረጨ።

አባቴ በየቀኑ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። እሱ ባደገበት የጋሞ ደጋ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ከሌላው ተለይተው ይኖሩ ነበር፤ ማዕዱም ጋብቻውም አይጋሩም። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጁን «ልጄ፣ ይህን ማን አስተማረህ?» አለው። «አባቴ ማረሻ ይሠራ ነበር፣ አባባ» ሲል መለሰ። አባቴ ጥቂት ዝም አለና የያዘውን ቡና አቀበለው። የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ያንን አይቷል። ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ላሜራ ሲይዝ ውሏል፤ ተው ያለው የለም።

ቮልሷ ገና አልተቀባችም። ፓራፋንጎዎቿ አንዱ ነጭ ሌላው ሰማያዊ ናቸው። አባቴ ግን ለመስቀል በእሷ ካምባ እንደሚገባ ቆርጧል፤ ወለሉ ጠንካራ ስለሆነ ማንም አልተከራከረውም።

አሮጌ መኪና ለምታሳድሱ ወላጆች የምመክረው ገንዘባችሁን በቅደም ተከተል እንድታወጡ ነው። መጀመሪያ ወለሉና ከበሩ ሥር ያለው ብረት፣ ቀጥሎ ፓራፋንጎና በር፣ ቀለም መጨረሻ። ምንጣፉን ራሳችሁ ግለጡ፤ በካቻቢቴ ጫፍ ወለሉን ነካ ነካ አድርጉ፤ ማግኔት ይዛችሁ ዙሩ። ከባለሙያው ጋር ስትዋዋሉም አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ ስቱኮ ከመቀባቱ በፊት ብረቱን ባዶውን ታያላችሁ። ጥሩ ባትላሜራ በዚህ አይቀየምም፤ ሥራው የሚታይለት ያን ጊዜ ነውና።